ከሳቢሳዎቹ በስተጀርባ

ከወንድሜ ልጆች አንዱ ባለፈው ጥር ሐረር ወስዶኝ ነበር። ከኤረር በር ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ፣ ከብት ውሃ በሚጠጣበት ምንጭ ዳር ሳቢሳዎች አየ። ሳቢሳ ያ ላም ተከትሎ የሚውለው ነጭ ወፍ ነው። ልጁ ካሜራውን ከአንገቱ አውርዶ ደጋግሞ አነሳቸው። አዲስ አበባ ተመልሰን ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲመጣ ግን አኮረፈ። ላሞቹ፣ ድንጋዩ፣ ሣሩ ሁሉ በደንብ ወጥተዋል፤ ወፎቹ ግን አንድም ላባ የማይታይባቸው ባዶ ነጭ ቁራጮች ነበሩ።

«በጠራራ ፀሐይ ነጭ ወፍ አይነሳም» አልኩት። «በጠዋት ሂድ። ፀሐይዋ ከጎን ትምጣ። ከጀርባቸው ጥላ ይኑር። ብርሃኑን ስትለካ ደግሞ ሜዳውን ትተህ ወፏን ለካ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ይህን ከየት ያውቁታል?»

ሻይዬን ስኳር ሳልጨምርበት ብዙ አማሰልኩት። መልሱን እዚህ ልጻፍለት።

ዘመኑ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ያለ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ፤ አያቴ ከሸዋ መጥተው ሐረር ከሰፈሩት አንዱ ስለነበሩ፣ እኛም በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ ከጥንቱ የከተማው ሰዎች ጋር ግድግዳ ተጋርተን እንኖር ነበር። ቤቱን የሚያስተዳድሩት የአባባ ታላቅ እህት እትዬ ባፈና ነበሩ።

እናቴ የሺእመቤት ከሁለት ዓመት በፊት ሞታ ነበር። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ታማ፣ ጨርጨር ያሉ ዘመዶቿ ዘንድ ለጠበል ሄደች ተባለ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ማለዳ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች በራችንን አንኳኩ። መርዶ ነበር። እትዬ ባፈና ደረታቸውን ደቁ። ፀጉሬን ላጩኝ፣ ጥቁር አለበሱኝ። ለአርባዋ ድንኳን ተጣለ፣ በሬ ታረደ፣ ተዝካር ወጣ። ያን ያህል ሰው ቤታችን በመምጣቱ ኩራት ቢጤ እንደተሰማኝ አስታውሳለሁ። ከተዝካሩ ዳቦ ትልቁን ቁራሽ የሰጡኝ አባባ ነበሩ። ሲሰጡኝ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ፤ ዳቦው አቃጥሏቸው መስሎኝ «ይብረድ» አልኳቸው።

ግድግዳ የምንጋራቸው ሽማግሌ አው ዘክሪ ይባላሉ። «አው» በአገሬው ቋንቋ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ሥራቸው መጽሐፍ መጠረዝ ነበር። አንድ ግሪክ ነጋዴ ከተማውን ሲለቅ የፎቶግራፍ ማንሻ ሣጥኑን ስለተወላቸው፣ እሱንም እየነካኩ ተማሩት። ግቢያቸው ውስጥ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ፎቶግራፍ የሚያጥቡት እዚያ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። እናቴን «ልጄ» ይሏት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እኔንም እንዲሁ።

ህዳር ላይ አንድ ጠዋት አባባ ጠሩኝና «ፎቶግራፍ ትነሻለሽ» አሉኝ። አው ዘክሪ አጠገባቸው ቆመዋል።

«እዚሁ ግቢ ወንበር ላይ?» አልኩ።

«አይ፣ ከኤረር በር በታች፣ ምንጩ ዳር። ሳቢሳዎቹ መሀል ነው የምትቆሚው» አሉ አባባ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ነጩን ቀሚስሽን ልበሽ።»

«ለማን ነው?»

«ለዘመድ ይላካል።»

አው ዘክሪ ጢማቸውን እየደባበሱ «ነጭ ልብስ፣ ነጭ ወፍ፣ በዚህ ፀሐይ!» አሉ። «ወላሂ ከባድ ነው። እንሞክራለን፣ ኢንሻአላህ።»

የመጀመሪያው ቀን ረፈድ አድርገን ሄድን። ሣጥኑን በሦስት እግሩ አቆሙት፣ ጭንቅላታቸውን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከተቱ፤ ቀጥለው ወጡና የሣጥኑን ዓይን ክዳን በእጃቸው ያዙ። እኔ ከብቶቹ መሀል ቆምኩ። ሳቢሳዎቹ እግሬ ሥር ድረስ እየመጡ አንበጣ ይለቅማሉ። ከጀርባዬ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር፤ ጥላው ከመጥቆሩ የተነሳ ዋሻ ይመስላል።

«ወደ እኔ ብቻ ተመልከቺ» አሉ አው ዘክሪ። «ወደ ኋላሽ ዞር ካልሽ ወፎቹ ይበራሉ።»

ዞር አላልኩም። ክዳኑን ከፈቱ፣ በቋንቋቸው «አሐድ፣ ኮኦት» ብለው ሁለት ቆጥረው ዘጉ።

ከጨለማው ክፍል ሥዕሉ መጀመሪያ የሚቀረጽበትን መስተዋት አውጥተው ወደ ሰማይ አንስተው ሲያሳዩኝ ጮህኩ። ሳቢሳዎቹ እንደ ቁራ ጠቁረዋል። የእኔም ነጭ ቀሚስ ጥቁር ሆኗል፣ በመርዶው ቀን ያለበሱኝን ይመስላል። «አው ዘክሪ፣ ምን አደረጉኝ!» ብዬ አለቀስኩ። ሳቁ፤ መስተዋቱ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ወረቀት ላይ ሲገለበጥ እንደሚስተካከል ነገሩኝ። መስተዋቱን ወረቀት ላይ ደርበው በእንጨት ክፈፍ አጣብቀው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ ማየት ከማናቸውም ጨዋታ በለጠብኝ። የመጣው ግን የማያምር ነበር። እኔና ወፎቹ በመቀስ ተቆርጠን የወጣን ይመስል ባዶ ነጭ ሆነናል።

አው ዘክሪ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ጎንበስ ብለው ቆዩ። «ብርሃን በዛባቸው» አሉ። «ላባቸው እዚያው ነበር። ብርሃኑ በላው።»

በሁለተኛው ጊዜ ፀሐይዋ ገና ከጎን ሳለች ማለዳ ሄድን። ቀሚሴንም ነጩ እንዲሰክን ብለው በቀዘቀዘ ቁጢ፣ ያ የቡና ቅጠል አፍልተው በሚጠጡት ውሃ፣ ነከሩት። እትዬ ባፈና ሲያዩኝ «የፋሲካ ቀሚሷን በቅጠል ውሃ! ይህ ሰውዬ አብዷል!» ብለው ግቢውን አናወጡት። ወረቀቱ ላይ የእኔ ቀሚስ እጥፋቱ ታየ፤ የሳቢሳዎቹ ላባ ግን ገና ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን። ያን ቀን ቀሚሱ ታጥቦ ነጥቷል። አው ዘክሪ «አሐድ» ከማለታቸው ክዳኑን መለሱ። መስተዋቱን አጥበው ብዙ አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይመለከቱ «ተበላሸ» አሉ። ለአራተኛ ጊዜ ሄድን። እሱም ተበላሸ።

እንዲያው ሰውዬው ሥራ አይችሉም ብዬ አሰብኩ። ቀዝቃዛው ጤዛ እግሬን ያሳክከኛል፣ መቆም ሰልችቶኛል። ስንደርስ ዛፉ ሥር ማንም አይኖርም፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ከኋላዬ ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። ያን ጊዜ አው ዘክሪ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ማን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መንገደኛ ናት። ታርፋለች።»

ልዞር ስል «ወፎቹ!» አሉኝ። ወፎቹ እንዳይበሩብኝ አንገቴን እንደ እንጨት አደረቅኩ።

በአምስተኛው ጊዜ አው ዘክሪ እንደ ልማዳቸው ክዳኑን ከፈቱ። «አሐድ፣ ኮኦት፣ ሺኢሽቲ» አሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። ክዳኑን በእጃቸው እንደያዙ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያያሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ፀሐይዋ ወጋቻቸው ብዬ «አው ዘክሪ፣ ክዳኑ!» አልኳቸው። ደንገጥ ብለው ዘጉት። «እሱስ በእርግጥ ተበላሸ» አሉ።

ያን መስተዋት አጥበው መደርደሪያ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። «ይህን እንዳትነኪ» አሉኝ። ሌሎቹን እንዳትነኪ ብለውኝ አያውቁም። የዚያ ሳምንት ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲወጡ ገባሁና አነሳሁት። ወረቀት አውጥቼ፣ መስተዋቱን ደርቤ፣ እሳቸው እንደሚያደርጉት በክፈፉ አጣብቄ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሥዕሉ ቶሎ መጣ።

እኔና ሳቢሳዎቹ እንደ መጀመሪያው ቀን ባዶ ነጭ ነበርን፤ ዓይንም አፍንጫም የለኝም። የሾላው ጥላ ግን ከዚያ በፊት ባየኋቸው ወረቀቶች ላይ ድፍን ጥቁር የነበረው፣ አሁን ውስጡ ታየ። ሥሮቹ ይታያሉ። ሥሩ ላይ የቆመች ሴት ትታያለች። አው ዘክሪ እንደሚያደርጉት አጉሊ መነጽሩን አምጥቼ ዓይኔን አስጠጋሁ።

ሴትዮዋ ልትሄድ እንደተነሳች ሁሉ አንድ እጇ ግንዱን ይዟል። እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፊቷ አብጧል፣ ቅንድብ የላትም። በአንገቷ ዙሪያ ሦስት መስመር ንቅሳት አለ። በሌላኛው እጇ አንጓ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ እናቴ ሳቅ ሲመጣባት፣ ሊጥ በእጇ እያለ፣ በእጇ አንጓ አፏን የምትሸፍነው እንደዚያው ነበር።

እናቴ ነበረች።

ጆሮዬ ጭው አለ። መነጽሩ ከእጄ ወድቆ ድንጋይ ላይ ተሰበረ፤ መሰበሩን ያየሁት እንጂ የሰማሁት አይመስለኝም።  አው ዘክሪ ከመስጊድ ሲመለሱ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ግቢው መሀል ተቀምጬ አገኙኝ። ወረቀቱን አሳየኋቸው።

«አው ዘክሪ፣ የሞተ ሰው ፎቶግራፍ ይነሳል?»

መሬት ላይ እንደ ወረደ ከረጢት ቁጭ አሉ። «ያ አላህ» አሉ። «ያ አላህ፣ ያ አላህ።» ከዚያ ተነስተው እጄን ያዙና ወደ ቤታችን ወሰዱኝ።

አባባ ምሳ እየበሉ ነበር። ወረቀቱን ገበታው ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ ባፈና አንገታቸውን አስግገው አዩት፤ አማተቡ።

«ሰይጣን ነው በሏት!» አሉ። «ወንድሜ መኩሪያ፣ ሰይጣን ነው ብለህ ንገራት!»

አባባ እጃቸውን ሳይታጠቡ ፊታቸውን ያዙ። «አልልም» አሉ። «ከዚህ በላይ አልዋሽም።»

የነገሩኝ በአንድ ጊዜ አልገባኝም። እናቴን የሥጋ ደዌ ይዟታል። ጨርጨር አልሄደችም። ከግንቡ ውጭ፣ ከምንጩ ትንሽ ራቅ ብሎ ሕሙማኑ በሚኖሩበት ሰፈር ናት፤ ሁለቱንም ዓመት እዚያ ነበረች። በዚያ ዘመን ሰው በሽታው በዘር ይወርዳል ይል ነበር። ጎረቤት ቢሰማ እኔን የሚያጫውተኝ ልጅ፣ ኋላም የሚያገባኝ ሰው አይገኝም።

«እሷው ናት ያለችኝ» አሉ አባባ። «‹ልጄን በእኔ ምክንያት ሰው ከሚሸሻት፣ ሞታለች በላት› አለችኝ። እግሬ ሥር ወድቃ አስማለችኝ።»

«ተዝካሩስ?»

«እሱም የሷ ሐሳብ ነው። ሰው እንዲያምን።»

«ቄሶቹስ?»

«አያውቁም።»

«እኔ እኮ ዳቦ በላሁ!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ ሳትሞት ተዝካሯን በላሁ! ትልቁን ቁራሽ ሰጡኝ!»

በዚያ ሁሉ መሀል የከበደኝ ይኸው ነበር። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ግቢው ውስጥ አስመለስኩ። ሁለት ዓመት ያለፈው ዳቦ የሚወጣልኝ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ባፈና አፌን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። በመርዶው ቀን ደረታቸውን ሲደቁ ዓይናቸው ደረቅ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ፎቶግራፉም ሰበብ ነበር። እናቴ ከሩቅ ልታየኝ ለምናለች፤ አባባ ወደ ምንጩ የሚወስደኝ ምክንያት ቢያጡ፣ ከአው ዘክሪ ጋር ተማክረው የሳቢሳዎቹን ሐሳብ አመጡ።

«ታዲያ ለምን አምስት ጊዜ?» አልኩ ወደ አው ዘክሪ ዞሬ።

ሽማግሌው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእውነት ተበላሽተዋል፣ ልጄ» አሉ። «ሦስተኛው ግን አልሐምዱሊላህ ሠምሮ ነበር። አንዱም ላባ አልጠፋም። ሠመረ ካልኩ ግን በማግስቱ ምን ብዬ ልውሰድሽ? ዋሸሁሽ። ወላሂ፣ ጥላው ውስጥ ስላለች ሥዕሉ ላይ አትወጣም ብዬ ነበር። በአምስተኛው ቀን ግንዱን ይዛ ስትቆም ባያት መቁጠሩ ጠፋኝ።»

በማግስቱ አባባና አው ዘክሪ ይዘውኝ ወጡ። እትዬ ባፈና አልከለከሉም፤ «ራቅ ብላ ትቁም» ብቻ አሉ። የሕሙማኑ ሰፈር ዙሪያውን ቁልቋል ነው። አባባ ገብተው ጠሯት። አጥሩ ክፍት በሆነበት፣ ከትንሽ ቦይ ማዶ መጥታ ተቀመጠች።

ልሮጥ ስል እጇን አነሳች። «እዚያው! ጥሩዬ፣ እዚያው ቁሚ።»

ድምፅዋ አልተለወጠም። ከፊቷ ይልቅ ድምፅዋ አስደነገጠኝ።

«ለምን ሞትኩ አልሽ?» አልኳት። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

«ስለፈራሁ።»

«እኔን?»

«አንቺን አይደለም፣ እናቴ። ሰውን።»

  «ዓይኔ እየደከመ ነው» አለችኝ። «ዛፉ ሥር ሆኜ ሳይሽ ጀርባሽ እንኳ አይለይልኝም ነበር። ነጭ ነጩን ብቻ ነው የማየው። የትኛዋ አንቺ እንደሆንሽ የማውቀው ከብቶቹ ሲንቀሳቀሱ ነው። ወፎቹ ይበራሉ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። አንድ ቀን ግን ምን ሆነሽ ነው? ጭራሽ አጣሁሽ።»

«ቀሚሴን ቁጢ ውስጥ ነክረውት ነበር።»

«ወይ አው ዘክሪ!» አለችና በእጇ አንጓ አፏን ሸፈነች።

አው ዘክሪ ሦስተኛውን ፎቶግራፍ ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ቦዩ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ተመለስኩ። በተጠቀለለ እጇ አነሳችው፣ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ብዙ ቆየች።

«አይታየኝም» አለች። «አንቺ ታውቂዋለሽ? ንገሪኝ።»

መንገድ ላይ አው ዘክሪ አሳይተውኝ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነገርኳት። ፊት ያለችው ሳቢሳ አንገቷን ቀልብሳለች፤ ደረቷ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ላባዎች ተንጠልጥለዋል፣ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሁለተኛዋ ክንፏን ልትከፍት ነው፤ የክንፏ ላባ እንደ እጅ ጣት ተዘርግቷል። ሦስተኛዋ ጀርባዋን ሰጥታለች። የእኔ ቀሚስ ጥልፉ ይታያል፣ ጥለቱም፣ እጥፋቱም።

«አንቺስ? ትስቂያለሽ?»

ፎቶግራፉ ላይ አኩርፌያለሁ። «አዎ፣ እስቃለሁ» አልኳት።

«ዛፉስ አለ?»

«አለ።»

ፎቶግራፉን ጉልበቷ ላይ አኖረችና «እኔስ? እታያለሁ?» አለች።

የሳቢሳዎቹ ላባ እንዲወጣ ጥላው ድፍን ጥቁር ሆኗል። እዚያ ውስጥ ማንም አይታይም። ወደ አው ዘክሪ አየሁ፤ ፊታቸውን አዙረዋል።

«ትታያለሽ» አልኳት። «ከኋላዬ ተቀምጠሻል።»

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እሄድ ነበር። ቦዩን አልተሻገርኩም፤ እሷም አልፈቀደችም። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት አባባ ከሰፈሩ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱና በሩ ላይ ቆሙ። ከእጃቸው የመቃብሩን አፈር አራገፉ። እትዬ ባፈና ሽንኩርት የሚልጡበትን ቢላዋ አስቀመጡ፤ ወዲያው መልሰው አነሱት።

ልጮህ ስል እትዬ ባፈና አፌን ያዙኝ። «የእኔ ልጅ፣ ጎረቤት ይሰማል» አሉኝ በሹክሹክታ። «አልቅሰንላታል እኮ። አሁን ለማን ነው ቢሉን ምን እንላለን?»

እውነታቸውን ነው። እናቴ ድሮ ሞታለች። መርዶዋ ተነግሯል፣ ተዝካሯ ተበልቷል። አባባ ጭቃቸውን ታጥበው ወደ ጉምሩክ ሄዱ። ጥቁር አልለበስኩም። 

በጓሮ በኩል ወደ አው ዘክሪ ግቢ ገባሁ። ቆዳ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ገባቸው። ተነስተው የጨለማዋን ክፍል በር ከፈቱልኝ። «ግቢ ልጄ» አሉ። «የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ። ማንም አይሰማሽም።» በሩን ዘጉት። ወዲያው ከውጭ የእንጨት መዶሻቸውን አንስተው ቆዳውን መደብደብ ጀመሩ፤ ግድግዳው እስኪነቃነቅ፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው «አው ዘክሪ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?» እስኪል ድረስ መቱት። እኔ እናቴን በስሟ እየጠራሁ ጮህኩ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ መዶሻው አላቆመም።